እሾሁ ከወዴት ይወጣል?
ስሙን ሳናውቀው አገር ስለሚወርስ አረም

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ ምሳሌ የተነገረው በሽታውን እያወቀ ስለሚሸሽግ ሰው ነው። በሽታውን ጨርሶ ስለማያውቀው፣ ወይም ከዚህ በባሰ የአንዱን በሽታ ስም ለሌላው ሰጥቶ መድኃኒት ስለሚያዝ ሰው ግን ምሳሌው ምንም አይነግረንም። ዛሬ ልንነጋገርበት ያሰብነው ጉዳይ ይኸው ነው። ጉዳዩ የሚታየው በአንዲት ትንሽ እሾሃም አረም ላይ ቢሆንም፣ ሥሩ ግን ወደ አስተዳደርም ወደ ትምህርትም ይዘልቃል።

እስቲ አንድ ነገር እናስብ። አንድ ወጣት የእርሻ ሠራተኛ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ አንድ ወረዳ ተመደበ እንበል። በገበያ ቀን አንድ ሽማግሌ ከበጋቸው ጠጉር ላይ የነቀሉትን እሾሃም ፍሬ በመዳፋቸው ይዘው ቀረቡትና «ልጄ፣ ይህ ምንድን ነው? በልጅነታችን አናውቀውም ነበር» ብለው ጠየቁት። ወጣቱም ፍሬውን አየት አድርጎ «አባቴ፣ ይህማ ኮሸሽላ ነው፤ ይነቀላል» ሲል መለሰላቸው። መልሱ አክብሮት አልጐደለውም፤ እውነት ግን ጐደለው። በብዙ ሥፍራ ኮሸሽላ የሚለው ስም የሚወጋውን ተክል ሁሉ የሚሸከም ስም ነው። ስሙ ለሁሉ የሆነ ነገር ደግሞ መድኃኒቱ ለማንም አይሆንም።

ሽማግሌው በመዳፋቸው የያዙት ፍሬ የዕፀዋት ሊቃውንት ዛንቲየም ስፒኖሰም የሚሉት አረም ፍሬ ነው ብለን እንነሣ። «ዛንቲየም» ብጫነትን ከሚያመለክት የግሪክ ቃል የወጣ ነው። «ስፒኖሰም» በላቲን እሾሃም ማለት ነው። ስሙን በ1753 በመጽሐፉ ያሰፈረለት ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኔዎስ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።) ሊኔዎስ አረሙ በፖርቱጋል እንደሚገኝ ጻፈ። ዛሬ ግን የአረሙ ጥንተ አገር ደቡብ አሜሪካ እንደ ሆነ ሊቃውንት ይስማማሉ። ስም አውጪው ያገኘው እንግዳውን በእንግድነቱ ቤት ነበር ማለት ነው።

የአደይ አበባ ዘመድ

ይህ አረም የአደይ አበባ ወገን ነው ብንል የሚደነቅ አንባቢ ይኖራል። መስከረም ሲጠባ ሜዳውን ብጫ የሚያለብሰው አደይ አበባ፣ ዘይት የምናወጣበት ኑግ፣ በጾም ወራት ፍትፍት የምንሠራበት ሱፍ፣ ጌሾ ሲጠነሰስ ጋን የምናጥብበት ግራዋ፣ ከልብሳችን ላይ የሚጣበቀው ጨጎጎት፣ ሁሉም አንድ ታላቅ ቤተ ሰብ ናቸው። ቤተ ሰቡን የሚያስተባብረው ምልክት አንድ ነው። አደይ አበባን ቈርጠን ቀረብ አድርገን ብንመለከት፣ አንድ አበባ የመሰለን ነገር ብዙ ጥቃቅን አበቦች በአንድ መደብ ላይ የተሰበሰቡበት ማኅበር ሆኖ እናገኘዋለን።

በዛንቲየም ላይ ግን ይህ ምልክት ተሸፍኗል። የወንዴዎቹ አበቦች በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ በትንሽ ድብልብል ራስ ይሰበሰባሉ። የሴቴዎቹ አበቦች ሁለት ሁለት ሆነው በእሾሃም ከረጢት ውስጥ ተዘግተው ይኖራሉ። የአበባውን ዱቄት የሚያመላልሰው ነፋስ ስለ ሆነ፣ ተክሉ ንብ ለመጥራት ደማቅ አበባ መዘርጋት አያስፈልገውም። ስለዚህ «የአደይ አበባ ወገን ከሆነ ብጫ አበባው ወዴት አለ?» ብሎ የሚፈልግ ሰው ሳያገኘው ይመለሳል። በዘመድ የሚፈርድ ሁልጊዜ በመልክ አይፍረድ የሚያሰኘው ይህ ነው።

የሚታወቅባቸው ምልክቶች

ዛንቲየም ስፒኖሰምን ለመለየት የምርመራ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ዓይንና ትዕግሥት ይበቃል። የመጀመሪያው ጥያቄ «እሾህ አለው ወይ?» የሚል አይደለም። እሾህ ያለው ተክል ብዙ ነው። ጥያቄው «እሾሁ ከወዴት ይወጣል?» የሚል ነው።

በዚህ አረም ላይ እሾሁ የሚወጣው ቅጠሉ ከግንዱ ጋር ከሚገናኝበት ሥፍራ ነው። ከዚያም እንደ ሦስት ጦር በሦስት ይከፈላል። መልኩ ብጫ ነው፤ ርዝመቱም እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። የቅጠሉ ጠርዝ ግን አይወጋም። ይህ አንድ ምልክት ብቻውን ከብዙ ስሕተት ያድናል።

ሁለተኛው ምልክት ቅጠሉ ነው። ቅጠሉ ጠባብና ረዘም ያለ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሦስት ምላስ ሲኖረው የመካከለኛው ይበልጣል። በላይ በኩል ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ የደም ሥሩ ነጭ ነው። ሲገለብጡት ታቹ አመድማ ነጭ ጨጉር የለበሰ ነው። ሦስተኛው ምልክት ፍሬው ነው። ፍሬው የ1 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሞላላ ነገር ሲሆን፣ ዙሪያውን ጫፋቸው እንደ መንጠቆ በቈለመሙ ቀጫጭን እሾሆች የተሞላ ነው። በውስጡም ሁለት ዘሮች አሉ። አራተኛው ምልክት ቁመናው ነው። ተክሉ ቅርንጫፉ የበዛ ነው፤ ከ1 ሜትር እምብዛም አይበልጥም። በመንገድ ዳር፣ በጉድፍ መጣያ፣ ከብት አብዝቶ በጋጠው ሜዳና በእርሻ ውስጥ ይበቅላል።

አሁን ከሚመስሉት ጋር እናስተያየው። ኮሸሽላ የምንላቸው እሾሃም ተክሎች እሾሃቸው በቅጠሉ ጠርዝ ላይ ነው። ሱፍም እንዲሁ ነው፤ አበባውን የሚከቡት ቅጠሎች ይወጋሉ። እምቧይ እሾሁ በግንዱና በቅጠሉ ላይ ተበትኖ የሚታይ ሲሆን፣ ሐምራዊ አበባና ድብልብል ብጫ ፍሬ አለው። አርጌሞኔ የተባለው ከሜክሲኮ አገር የመጣ አረም ደግሞ ቅጠሉ እሾሃምና ነጭ መስመር ያለበት ስለ ሆነ ብዙዎችን ያሳስታል። ነገር ግን ሲቈርጡት ብጫ ወተት ያወጣል፤ ሰፋፊ ብጫ አበባም አለው፤ ወገኑም ሌላ ነው። በመጨረሻም የዛንቲየም ስፒኖሰም የቅርብ ዘመድ የሆነው ዛንቲየም ስትሩማሪየም አለ። ይህ በግንዱ ላይ እሾህ የለውም። ቅጠሉ ሰፊና ሻካራ ነው፤ ፍሬው ግን ከዘመዱ ይተልቃል፤ በጫፉም ሁለት ቀንድ አለው።

ስም ስለምን ይጠቅማል?

«አረም አረም ነው፤ ስሙ ምን ቢሆን ምን ቸገረን?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ለዚህ ሰው የሚሰጠው መልስ የመቃብር መልስ ነው።

በኖቬምበር 2007 በባንግላዴሽ ሰሜን ምሥራቅ፣ በሲልሄት አውራጃ፣ ሰዎች በድንገት እያስመለሳቸው፣ ራሳቸውን እየሳቱ ይሞቱ ጀመር። ጐርፍ እህሉን አጥፍቶ፣ የምግብ ዋጋ ንሮ፣ ድኻው የሚበላው ያጣበት ወራት ነበር። መርማሪዎች ቤት ለቤት ጠይቀው የደረሱበት ነገር ይህ ነው፤ ሰዎቹ ለወጥ የለቀሙት ለጋ ቡቃያ የዛንቲየም ስትሩማሪየም ቡቃያ ነበር። 76 ሰዎች ታመው 19 ሞቱ። ከአራት አንዱ ማለት ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በዛንቲየም ዘር ውስጥ ካርቦክሲአትራክቲሎሳይድ የሚባል መርዝ አለ። ዘሩ ሲበቅል መርዙ ወደ መጀመሪያዎቹ ሁለት የዘር ቅጠሎች ይተላለፋል። ይህም መርዝ የሰውነታችን ጥቃቅን ክፍሎች ኃይል የሚለዋወጡበትን በር ይዘጋል። ከዚያ በኋላ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ይወርዳል፤ ጉበትም ይጐዳል። እውነተኞቹ ቅጠሎች ሲወጡ መርዙ በፍጥነት ይቀንሳል። ይህ ነገር የሚያታልል ነው። ተክሉ ለዓይን ጨካኝ በሚመስልበት ጊዜ አደጋው ያነሰ ሲሆን፣ ለስላሳና ለጋ ሆኖ ለምግብ በሚያምርበት ጊዜ ግን ገዳይ ነው። የሰውን ብቻ ሳይሆን የአሳማንና የጥጃንም ሕይወት የሚያጠፋው በዚህ ጊዜ ነው። ስለዚህ «እሾህ ያለውን ተጠንቀቅ» ብሎ ማስተማር አይበቃም። ቡቃያው ገና እሾህ አላወጣም።

ከሩቅ አገር ምሳሌ ካስፈለገ ይህ ይበቃል። ነገር ግን ከአገራችንም ምሳሌ አለን። ከ2001 ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ ሰዎች ሆዳቸው እያበጠ በጉበት በሽታ ይወድቁ ጀመር። በሽታው ለብዙ ጊዜ ስም የሌለው በሽታ ሆኖ ቈየ። ከጥቂት ዓመታት ምርመራ በኋላ ጥርጣሬው ያረፈው ከእህሉ ጋር ተቀላቅሎ በሚወቃ አንድ አረም ላይ ነበር። አረሙም አጄራተም ኮኒዞይዲስ ይባላል። እርሱም ዓመታዊ ነው፤ እርሱም የአደይ አበባ ወገን ነው፤ እሾህ ግን የለውም። ዘሩ ከእህል ጋር ተፈጭቶ ሲበላ ጉበትን የሚያበላሽ መርዝ አለበት። በዚያ ወረዳ የነበረውን ጭንቀት የሚያስብ ሰው «የአረም ስም ምን ያደርጋል?» ብሎ አይጠይቅም።

አርጌሞኔንም አንርሳ። ፍሬው የሚሰጠው ጥቁር ጥቃቅን ዘር የሰናፍጭ ዘር ይመስላል። በ1998 በሕንድ አገር በዴልሂ ከሰናፍጭ ዘይት ጋር የተቀላቀለ የአርጌሞኔ ዘይት 60 ያህል ሰዎችን ገድሏል። እንግዲህ ሦስቱ አረሞች በሦስት መንገድ ይገድላሉ፤ አንዱ በቡቃያው፣ አንዱ ከእህል ጋር በተፈጨ ዘሩ፣ አንዱ በዘይቱ። ጥንቃቄውም ሦስት ዓይነት ነው። ሦስቱን «አረም» በሚል አንድ ስም የጠራ ሹም የትኛውን ጥንቃቄ እንደሚያዝ አያውቅም።

ዘር በፈረስ፣ ሕግ በእግር

የዛንቲየም ስፒኖሰም ታሪክ ለወጣት ባለሥልጣን ትምህርት ያለበት ታሪክ ነው። በ1828 የሩሲያ ጦር ከቱርክ ጋር ለመዋጋት ወደ ዋላኪያ፣ ማለት ወደ ዛሬይቱ ሩማንያ፣ በገባ ጊዜ አረሙ በኮሳኮች ፈረሶች ጋማና ጭራ ላይ ተጣብቆ ገባ። ዘመኑ የኮሌራ ዘመን ስለ ነበረ የሩማንያ ሕዝብ አረሙን «ኮሌራ» ብሎ ጠራው። ሀንጋሪዎች ደግሞ ይህን ወገን «የሰርብ እሾህ» ይሉታል። በ1840ዎቹ ከቺሊ ወደብ ከቫልፓራይሶ ወደ አውስትራሊያ በተጫኑ ፈረሶች ጭራ ላይ ተሳፍሮ ባሕር ተሻገረ። በዚያም በባተርስት ከተማ ስም ተጠራ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ሕዝብ አረሙን በጠላት፣ በጐረቤት ወይም በበሽታ ስም ሲጠራ ምሬቱን ይገልጻል እንጂ አረሙን አይገልጽም። ስሙ ማንን እንደምንወቅስ ይነግረናል። በየትኛው ወር እንደምንነቅለው ግን አይነግረንም። የሰርብ ገበሬ ያንን እሾህ አልዘራውም፤ ፈረሱም ቢሆን ወዶ አልተሸከመውም።

የአውስትራሊያ ሀብት የበግ ጠጉር ነበር። መንጠቆ ያለው ፍሬ በጠጉሩ ውስጥ ሲገባ ያንን ለቅሞ ማውጣት ድካምና ወጪ ነው፤ የጠጉሩም ዋጋ ይወድቃል። ስለዚህ የደቡብ አውስትራሊያ መንግሥት አስቀድሞ በ1851 በሌላ እሾሃም አረም ላይ ሕግ አውጥቶ ነበርና፣ በ1862 እሾሃም ፍሬ ያላቸውንም የሚጨምር ሕግ አወጣ። በደቡብ አፍሪካ የኬፕ ግዛትም በዚያው በ1860ዎቹ በዛንቲየም ስፒኖሰም ላይ ሕግ ተደነገገ። ነገር ግን አውስትራሊያ ዛሬም ከዚህ አረም አልተገላገለችም። ሕጉ ከንቱ ስለ ነበረ አይደለም። ዘሩ በፈረስ መጣ፤ ሕጉ በእግሩ ተከተለው። ሕጉ የደረሰው አረሙ መሬቱን ከያዘ በኋላ ነው።

በዛሬው ጊዜ

ዛሬ ዘር የሚጓዘው በፈረስ ጭራ ብቻ አይደለም። በመርከብ ዕቃ፣ በእህል ከረጢት፣ በጭነት መኪና ጐማ፣ ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው በሚከራይ የማጨጃና የመውቂያ መኪና ይጓዛል። በ2023 የብዝኀ ሕይወትና የሥነ ምኅዳር አገልግሎት የመንግሥታት መማክርት ባወጣው ጥናት መሠረት፣ በሰው እጅ ካገራቸው ወጥተው በሌላ አገር የተቋቋሙ ዕፀዋትና እንስሳት ከ37,000 ዓይነት በላይ ናቸው። ከእነዚህም ከ3,500 የሚበልጡት ጐጂ ወራሪዎች ናቸው። ያደረሱት ጥፋትም በ2019 በዓመት ከ423 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ተገምቷል። ከዚያ በፊት በዲሴምበር 2022 መንግሥታት በሞንትሪያል ተሰብስበው እስከ 2030 ድረስ የወራሪ ዓይነቶችን መግባትና መቋቋም ቢያንስ በ50 በመቶ ለመቀነስ ተስማምተዋል።

ስምምነቱ መልካም ነው። ነገር ግን በሞንትሪያል የተፈረመው ወረቀት የሚፈጸመው በገበያው ዳር፣ ሽማግሌው መዳፋቸውን በዘረጉበት ቦታ ነው። እዚያ የቆመው ወጣት እንግዳውን ከነባሩ ካልለየ የሚቈጠር ነገር የለም፤ የማይቈጠር ነገር ደግሞ በግማሽ ሊቀነስ አይችልም። ቅንጨ አረም በ1980ዎቹ በምሥራቅና በሰሜን ኢትዮጵያ ሲታይ ጥቂት ሥፍራ ብቻ የያዘ እንግዳ ነበር። ያን ጊዜ በጥቂት ሰዎች እጅ ሊነቀል ይችል የነበረው ዛሬ የብዙ ወረዳዎች ዕዳ ሆኗል።

ደግሞ ዛሬ በእጅ ስልክ ፎቶግራፍ አንሥቶ የተክልን ስም መጠየቅ ይቻላል። ይህ ታላቅ ረድኤት ነው፤ አንንቀውም። ይሁን እንጂ ስልኩ የሚሰጠው ግምት ነው፤ ፍርድ አይደለም። ስልኩ ቅጠሉን ገልብጦ ታቹን አያይም፤ ግንዱን ቈርጦ ወተቱ ብጫ መሆኑን አይመረምርም። ይልቁንም ለሰው አደገኛ በሆነው በቡቃያው ጊዜ ብዙዎቹ ተክሎች እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ። ስልኩ የነገረንን ስም ወስደን በምልክቶቹ እያንዳንዱን መመርመር የእኛ ፋንታ ነው።

በዚህ ረገድ አገራችን ባዶ እጅዋን አይደለችም። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ ሥራ በ1980 ተጀምሮ በ2009 ተፈጽሟል። የአደይ አበባን ወገን የሚመለከተው ክፍል በዶክተር መስፍን ታደሰ ተጽፎ በ2004 ወጥቷል። ሁለቱም ዛንቲየሞች በአገራችን እንደሚገኙ ተመዝግቧል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ የዕፀዋት ማኅደር የደረቁ ናሙናዎችን ጠብቆ ያኖራል። እንግዲህ የጐደለው መጽሐፉ አይደለም። የጐደለው ከመጽሐፉ እስከ ማሳው ያለው መንገድ ነው።

ያንን መንገድ የሚያቀናው ማን ነው? ተማሪውና ወጣቱ ሠራተኛ ናቸው። ሥራውም የሚያስቸግር አይደለም። የማያውቁትን ተክል ሲያገኙ አበባና ፍሬ ያለበትን ቅርንጫፍ ቈርጠው በጋዜጣ መካከል ዘርግተው ከባድ ነገር ጭነው ያድርቁት። ከጐኑም የተገኘበትን ሥፍራ፣ ቀኑን፣ የመሬቱን ዓይነትና ገበሬው የሚጠራበትን ስም ይጻፉ። ከዚያ ለሚያውቅ ሰው ይላኩት። ፍሬው በልብሳቸው ተጣብቆ እንዳይሄድ ግን ከመነሣታቸው በፊት ይመርምሩ፤ ካልሆነ አረሙን ሊመዘግብ የሄደው ሰው ራሱ የኮሳክ ፈረስ ሆኖ ይመለሳል።

ስሙ ከታወቀ ደግሞ መድኃኒቱ ይከተላል። ዛንቲየም ስፒኖሰም ዓመታዊ ነው፤ በአንድ ወቅት በቅሎ፣ አፍርቶ ይደርቃል። ተስፋው ሁሉ በዘሩ ላይ ነው። ስለዚህ ፍሬ ሳያዝ የተነቀለ ተክል ወራሽ አይተውም። ፍሬ ከያዘ በኋላ የተነቀለው ግን በማሳው ዳር ሊጣል አይገባም፤ ተሰብስቦ ይቃጠላል። በአንዱ ፍሬ ውስጥ ካሉት ሁለት ዘሮች አንዱ ቀድሞ ሲበቅል ሌላው ጊዜውን ጠብቆ ሊተኛ ስለሚችል፣ ዘንድሮ የነጻ ማሳ በሚመጣውም ዓመት መጐብኘት አለበት። ቡቃያውንም ሰው እንዳይለቅመው፣ ጥጃም እንዳይግጠው ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። «ኮሸሽላ ነው፤ ይነቀላል» ከሚለው መልስ ውስጥ ከእነዚህ አንዱም አልነበረም።

ያ ወጣት ለሽማግሌው ሊሰጥ የሚገባው የመጀመሪያ መልስ «አባቴ፣ አላወቅሁትም፤ ተክሉ ወደ በቀለበት ይውሰዱኝ» የሚል ነበር። ይህን መናገር የሚያሳፍር የሚመስለው ወጣት ብዙ ነው። ነገር ግን አላወቅሁም ብሎ ወደ ማሳው የሄደ ሰው ተክሉን ቆሞ ያየዋል፤ እሾሁም ከቅጠሉ ሥር በሦስት ተከፍሎ መውጣቱን ያስተውላል። በማግሥቱም ለወረዳው የሚጽፈው ደብዳቤ ስም፣ ሥፍራና ወር ያለበት ደብዳቤ ይሆናል።